ሐጋይን የሚሻገሩ፦ የአዋሽ ኩሬዎችና የዓሦቻቸው ታሪክ

ከሰመራ ተነሥቶ ወደ ሎግያ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ፀሐይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ምጣድ በምታግልበት ወራት በወንዙ ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች ቢመለከት፣ ወንዝ የሚለው ስም ከምን እንደ መጣ እስኪጠራጠር ድረስ አሸዋና ጠጠር፣ የተሰነጠቀ ጭቃና ጎርፍ ያመጣው ግንድ ተዘርግቶ ያያል፤ ነገር ግን ዓይኑን ወደ ወንዙ ዕጥፋት የሰደደ እንደ ሆነ፣ ከገደሉ ሥር ጥላ ያገኘች አንዲት ኩሬ፣ ሁለት መንጋ ግመል ቢወርድባት የማትተርፍ ጥቂት ውኃ፣ ተጠግታ ትታየዋለች፤ ከእርስዋም ውስጥ አልፎ አልፎ ሪዛም አፍ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ተመልሶ ይሰጥማል።

ይህ ዓሣ ከወዴት መጣ? ኩሬይቱ ደርቃ ጭቃዋ በተሰነጠቀ ጊዜስ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ ጠቢባንን ያስጨነቀ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ፣ በቅኒዶስ አቅራቢያ የነበረች አንዲት ኩሬ በበጋ ደርቃ ጭቃዋም ተጠርጎ ካበቃ በኋላ፣ ዝናብ ሲመጣ ትንንሽ ዓሦች እንደ ታዩባት ተርኮ፣ አንዳንድ ዓሦች ያለ አባትና ያለ እናት ከጭቃ ይወለዳሉ የሚል ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ፍርዱ ስሕተት ቢሆንም ዓይኑ ያየው ነገር ግን እውነት ነበረ፤ ውኃ ሄዶ ሲመለስ ሕይወትም አብሮ ይመለሳልና። በሎግያ ድልድይ ላይ የቆመው መንገደኛም መልሱን በኩሬይቱ ውስጥ ብቻ አያገኘውም፤ መላውን የአዋሽን ታሪክ መመርመር ይገባዋል፤ የዓሣው ሕይወትና በዚያ ሸለቆ የኖረው ሰው ሕይወት ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸውና።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በግንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ፈልቆ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ የሚፈጸም ወንዝ ነው። ዐባይና ባሮ፣ ገናሌና ዳዋ ድንበር ተሻግረው ለባዕድ አገር ሲገብሩ፣ አዋሽ ግን የቆቃን ሜዳ አልፎ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ገደሉን ሰንጥቆ፣ በአሚባራ ተንጣልሎ በገዋኔ ረግረግ ተኝቶ፣ ሚሌንና ሎግያን ተቀብሎ፣ በተንዳሆ፣ በዱብቲና በአሳይታ በኩል ወደ ጋመሪና ወደ አፋምቦ ሐይቆች ወርዶ፣ በመጨረሻ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ይህም የአቤ ሐይቅ ራሱ የታላቅ ሐይቅ ትራፊ ነው፤ የፈረንሳይዋ የምድር ሊቅ ፍራንሷዝ ጋስ የጥንቱን የሐይቅ ደለል መርምራ እንዳስረዳችው፣ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ውኃው 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ባሕር መሳይ ነበረ። እንግዲህ በሎግያ ኩሬ በአንድ በጋ የሚፈጸመው ነገር በአቤ በብዙ ሺህ ዓመታት የተፈጸመ ነው ማለት ነው፤ መጠኑና ዘመኑ ይለያያል እንጂ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ውኃው ይሞላል፣ ይሸሻል፣ በስተኋላው የቀረውም ፍጥረት ወይ መጠበቅን ይማራል፣ ወይ ይጠፋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን መጸው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው በአራት ክፍለ ዘመን ይከፍሉታል፤ ክረምቱንም እንደ ገና ሲከፋፍሉት፣ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያለውን በመብረቅ፣ በነጎድጓድ፣ በባሕር፣ በአፍላግና በጠል ስም ይጠሩታል፤ አፍላግ ማለት ወንዞች ማለት ነውና፣ ወራቱ የወንዞች መሙያ መሆኑን በስሙ ያውጃል። አፋሮችም በበኩላቸው ዋናውን ዝናብ ካርማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ የሚጥለውን ሱጉም፣ በታኅሣሥ የሚያካፋውን ዳዳ፣ ቀዝቀዝ ያለውን ደረቅ ወራት ጊላል፣ የሚያቃጥለውን ወራት ደግሞ ሐጋይ ይሉታል። ሐጋይ የሚለው ቃል በግእዝም በአፋርኛም መገኘቱን ያስተዋለ ሰው፣ የሚውልበት ወር በሁለቱ ዘንድ ባይገጥምም፣ ደገኛውና ቆለኛው ድርቀትን በአንድ ቃል ሲጠሩ እንደ ኖሩ ይረዳል።

የሚጋሩት ግን ቃሉን ብቻ አይደለም። ሚሌና ሎግያ ከወሎ ደጋ ሥር የሚነሡ በመሆናቸው፣ ዝናቡ በወሎ ተራራ ላይ ሲዘንብ የአፋር ሰማይ ጠርቶ ሊውል ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን በደረቀው አሸዋ ላይ እንደ ነጎድጓድ የሚያገሣ ደራሽ ውኃ ይመጣል። ከብቱን ያሰማራው አፋር ደመና ሳያይ ጎርፍ ይቀበላል፤ በጭቃ ውስጥ ያለው ዓሣም እንዲሁ።

ለዚህ ጎርፍ ቀድሞ የሚነሣው አምባዛ ነው። ውኃው ከወንዙ ከንፈር አልፎ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ባለበሰ ጊዜ፣ አምባዛ ዋናውን ወንዝ ትቶ በሌሊት ወደዚያ ጥልቀት ወደሌለው አዲስ ውኃ ይወጣል፤ ሴቲቱም በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ዕንቁላል በሰጠመው ሣር ላይ ትበትናለች፤ ወንዱም ዘሩን ይረጭበታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ትተውት ይሄዳሉ። ይህ የጭካኔ ሥራ አይደለም፤ ጠባቂነቱን ለጎርፉ አደራ መስጠት ነው። ከጥቂት ቀን በፊት ደረቅ ምድር በነበረው ስፍራ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ገና አልደረሱም፤ የከብት ፍግና የበሰበሰ ሣር ደግሞ ጥቃቅን ነፍሳትን ያራባል፤ በሞቃቱ ውኃ ዕንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተፈልፍሎ፣ ግልገሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ መዋኘትና መመገብ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣው የጎርፍ ወራት ሳያልቅ ማደግ ግዴታው ስለ ሆነ፣ ለሕፃንነት የሚተርፍ ጊዜ የለውም።

ጎርፉ ሲሸሽ ፈጥኖ የተከተለው ወደ ወንዙ ይገባል፤ የዘገየው ግን በየጉድጓዱና በየዕጥፋቱ ታጉሮ ይቀራል፤ መንገደኛችን ያየው ሪዛም አፍ ከእነዚህ ከዘገዩት አንዱ ነው። ኩሬይቱ እየጠበበች፣ ውኃዋም እየሞቀና እየደፈረሰ ሲሄድ፣ በውኃው ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ያልቃል፤ በመጀመሪያ ነጭ ዓሣው፣ ቀጥሎ ቆሮሶው በሆዱ ተገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሽመላውና ዓሣ በሉ ንስርም ለግብዣው ይሰበሰባሉ። አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለ ጓዳ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል፣ ደም የሞላበት አካል ተሰጥቶታል፤ በእርሱም ከውኃው በላይ ብቅ እያለ ከሰማይ በታች ያለውን አየር እንደ እኛ ይተነፍሳል። ምድሩ በዝናብ ወይም በጤዛ የረጠበ እንደ ሆነም፣ በጎን ክንፉ እሾህ እየተመረኮዘ፣ በሌሊት በየብስ ተስቦ ሌላ ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም ካልሆነለት ጭቃው እርጥበቱን እስካላጣ ድረስ በውስጡ ተቀብሮ ይሰነብታል።

በሳይንስ መጽሐፍ ለዚህ ዓሣ ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ዊልያም በርቸል ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1822 «ጋሪየፒኑስ» ብሎ የሰየመው፣ በደቡብ አፍሪቃ ጋሪየፕ ከሚባለው ወንዝ ስም ወስዶ ነው፤ ከዚያ ወንዝ እስከ አዋሽ፣ ከአዋሽም አልፎ እስከ ዮርዳኖስ አገር ድረስ የሚገኝ ዓሣ መሆኑ፣ ድርቅን የሚያልፍ ፍጥረት ምን ያህል ምድር እንደሚወርስ ያሳያል። በእኛ አገር ግን ብዙ ክርስቲያን፣ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ኦሪት ስለ ከለከለች፣ አምባዛን ከማዕዱ አርቆት ኖሯል።

ቆሮሶ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ ያዘጋጃል፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ ግልገሎቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስም አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በአፏ ይዛ ትቆያለች፤ በዚያም ወራት ከምግብ ተከልክላ በጾም ትሰነብታለች ማለት ይቻላል። አምባዛ ብዙ ዘርቶ ለዕድል ይተዋል፤ ቆሮሶ ጥቂት ወልዳ አቅፋ ትጠብቃለች። ውኃ በጠበበበት ስፍራ ቆሮሶ ሰውነቱ ሳይፋፋ፣ ገና ቀጫጫ ሳለ ለመውለድ ይደርሳል፤ ቀኑ አጭር መሆኑን የተረዳ ይመስል፣ ከማደግ ይልቅ መተካትን ያስቀድማል።

ከሰመራ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ ጨዋማ ሐይቅ፣ ፍል ውኃ በሚፈስበት ዳርቻ ተጠግተው የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ደንከልን ባቋረጠው በጣሊያኑ ባሮን በራይሞንዶ ፍራንኬቲ ስም በ1931 ተሰይሟል፤ ሌላውን ደግሞ ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከባልንጀራው ከላዛራ ጋር ሆኖ በ2001 ለዓለም አስታውቋል። እነዚህ ዓሦች ውኃቸው በየዓመቱ የሚደርቅባቸው አይደሉም፤ ነገር ግን የቀድሞው ሰፊ ውኃ ሸሽቶ በጥቂት ምንጭ አፍ ላይ የተዋቸው ስደተኞች እንደ መሆናቸው፣ የሎግያ ኩሬ ዓሦች ታላላቅ ወንድሞች ናቸው።

ኩሬው ፈጽሞ ሲደርቅ እንኳ የማይጠፉትን ዓሦች ለማየት ግን ከአዋሽ ሸለቆ ወጥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሱዳን ወሰን መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1851 በኢትዮጵያ ስም «ኤቲዮፒኩስ» ተብሎ የተሰየመው ሳንባ ያለው ዓሣ በዚያ ወገን ወንዞች ይኖራል፤ የዚህ ዓሣ ነገድ በአፍሪቃ የሚታወቀው፣ ውኃ ሲሸሽ በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከሰውነቱ በሚወጣ ልጋግ ራሱን ገንዞ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየተነፈሰ ዝናብን በመጠበቁ ነው። ከእርሱም የሚያስደንቁት ኖቶብራንኪዩስ የሚባሉት፣ ከጣት የማይረዝሙና ወንዶቻቸው እንደ አበባ ቀለም ያላቸው ዓሦች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ዓይነት በ2009 ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ተገኝቶ ኑባኤንሲስ ተብሏል። የእነዚህ ወላጆች ኩሬያቸው ስትደርቅ ሁሉም ይሞታሉ፤ ከመሞታቸው በፊት ግን ዕንቁላላቸውን በጭቃ ውስጥ ይቀብራሉ፤ በዕንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ እድገቱን እስከ ሦስት ጊዜ ገትቶ፣ ሕይወቱን እንደ ተዳፈነ ፍም ሸሽጎ፣ ደረቁን ወራት ያልፋል። በሞዛምቢክ የሚኖረው ወንድማቸው ዝናብ ካገኘ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመውለድ መድረሱ በ2018 ታትሞ ተነግሯል። ከሁሉ የሚልቀው ጥበባቸው ግን ዕንቁላሎቹ ሁሉ በአንድ ዝናብ የማይፈለፈሉ መሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ አታላይ ሆኖ ኩሬው ፈጥኖ ቢደርቅ፣ ለሁለተኛው ዝናብ የተጠበቀ ዘር ከመሬት በታች ይቀራል፤ ልክ ብልህ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይዘራ።

የሰው ልጅም ከእነዚህ ኩሬዎች ጋር ያለው ወዳጅነት የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 የሉሲ፣ የድንቅነሽ አጥንት በተገኘበት በሐዳር፣ የጥንቱ ሐይቅና ወንዝ ደለል ከአዞና ከዔሊ ቅሪት ጋር የዓሣም አጥንት አቆይቷል። ነገር ግን ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የነገረን በአማራ ክልል ምዕራባዊ ቆላ፣ በመተማ አቅራቢያ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረው ስፍራ ነው። በጆን ካፕልማን የሚመሩት ተመራማሪዎች በ2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዳስታወቁት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የተበተነው ጥቃቅን መስታወት በሽንፋ ደለል ውስጥ ተገኝቷል፤ የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊትም ሲመረመር አየሩ የበለጠ እንደ ደረቀ መስክሯል፤ በዚያም ዘመን የነበሩት ሰዎች ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን፣ በየኩሬው የታጎረውን ዓሣ ከቀደመው ጊዜ ይልቅ አብዝተው ይይዙና ይመገቡ ነበር። ድርቅ ለሰው ረኃብ ብቻ ያመጣ የሚመስለን እኛ፣ ድርቁ ራሱ ዓሣውን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ለአዳኙ እንዳቀረበለት ስናይ ልንደነቅ ይገባል፤ ሊቃውንቱም እንዲህ ያሉ ወንዞች ከኩሬ ወደ ኩሬ እየመሩ ሰውን ከአፍሪቃ ያወጡ መንገዶች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

በአዋሽ ሸለቆ የኖረው አፋር ግን ሕይወቱን በወተትና በሥጋ ላይ የመሠረተ በመሆኑ፣ ለብዙው አርብቶ አደር ዓሣ የማዕድ ምግብ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ከዓሣው ጋር በአንድ የዘመን አቈጣጠር ይኖር ነበር፤ ጎርፉ ሲወጣ ከብቱን ወደ ዳገቱና ወደ ሜዳው ያርቃል፤ ጎርፉ ሲሸሽ ደለሉ ያበቀለውን ለምለም ሣር ተከትሎ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ከብቱ በሣሩ ውስጥ የጣለው ፍግም በሚቀጥለው ጎርፍ የግልገል ዓሦች ምግብ ይሆናል። የመንግሥት ታሪክ እንኳ ይህንኑ ውኃ ተከትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1577 ኢማም መሐመድ ጋሳ መንበሩን ከሐረር በአዋሽ ግርጌ ወዳለው ወደ አውሳ ያዛወረው፣ ኋላም የአውሳ ሱልጣኖች በዚያ የጸኑት፣ በበረሃ መካከል ጎርፍ ዓመት ዓመት የሚያድሰው ለም መሬት ስለ ነበረ ነው። በ1875 ለግብፁ ኬዲቭ ያደረው ስዊሳዊ ቨርነር ሙንዚንገር ወደዚህ አገር ጦር ይዞ በገባ ጊዜ በአፋሮች እጅ ወደቀ፤ በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ በ1934 በሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አውሳን አልፎ እስከ አቤ ደረሰ። የቴሲጀር ጥያቄ «ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነበር፤ ይኸውም የኛ መንገደኛ ስለ ዓሣው የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን መልሱን ከአባቶቹ ተቀብሎ ያውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ውኃን የማቆም ዘመን ሆነ። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተፈጸመ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፤ በአሚባራና በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ በወንጂ የተጀመረው የሸንኮራ አገዳ ሥራም ወደ መተሐራ ወረደ። ኤሌክትሪክ ለከተሞች መብራት፣ ጥጥና ስኳር ለመላው አገር ጥቅም እንደ ሆኑ የሚክድ የለም፤ የማይካደው ሌላው እውነት ደግሞ፣ ለአንዱ ዓመቱን ሙሉ እንዲፈስ የተደረገው ውኃ ከሌላው ሜዳ ላይ የተወሰደ መሆኑ ነው። አርብቶ አደሩ ለሐጋይ ያስቀመጠው የወንዝ ዳር ግጦሽ በእርሻ ተያዘ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ድርቅ በመጣ ጊዜ መሸሻ ያጣው አፋር በከብቱም በነፍሱም ክፉኛ ተጎዳ። አምባዛም የሚወጣበት የጎርፍ ሜዳ በእርከንና በቦይ ተቆረጠበት። ኋላ በአሚባራ በኩል የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ሣሩን እየዋጠ በወንዙ ዳር ተስፋፋ፤ በዚህ መካከል የተከለከለው ጎርፍ ጨርሶ አልቀረም፤ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ እንደ ሆነው፣ አንዳንድ ክረምት ግድቡንና እርከኑን አልፎ ብዙ ሺህ ሕዝብ ያፈናቅላል። ጎርፍ የሚተኛበትን ሜዳ ያጣ ወንዝ የሰው ቤት ውስጥ ይተኛል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምክር አንድ ነው። የሄደ ውኃ የጠፋ ውኃ አይደለም፤ በዚህ ሸለቆ ዓሣውም፣ ሣሩም፣ ሱልጣኑም፣ እረኛውም የኖሩት ውኃው እንደሚመለስ አምነው፣ የሚመለስበትንም ስፍራ ሳይዘጉ ነው። ቦይ የሚቀይሱ መሐንዲሶች፣ እርሻ የሚመሩ ሹማምንት፣ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች፣ በካርማ ወራት አዋሽ፣ ሚሌና ሎግያ የሚተኙበትን ሜዳ ወሰኑን አውቀው ቢጠብቁለት፣ ለአርብቶ አደሩ የሐጋይ ግጦሽ፣ ለዓሣው የመራቢያ ስፍራ፣ ለከተማውም ከጎርፍ መጠበቂያ በአንድነት ይሆናል። የአዋሽ አባቶች ይህን ያወቁት መጽሐፍ ሳያገላብጡ፣ ከብት እየተከተሉ ነበር፤ እኛም መጽሐፉ በእጃችን ሳለ ልንዘነጋው አይገባንም።

መንገደኛው ከድልድዩ ላይ ሳለ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። የኩሬይቱ ዳር ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል፤ መካከሏ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ሪዛሙ አፍ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ይጎርስና ይወርዳል። በሩቅ፣ ከምዕራቡ ሰማይ ጠርዝ፣ በወሎ ተራሮች ላይ ብልጭ የሚል ነገር ይታያል፤ ድምፁ እዚህ አይሰማም። የሎግያ እረኛ ግን ብልጭታውን አይቷልና፣ ግመሎቹን ከአሸዋው ላይ እያስነሣ ወደ ዳገቱ ያወጣቸዋል።